ከተቆረጠው ይልቅ የተረፈው፦ የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና በምን ይመዘናል?

ታካሚው ሙሉ ሰመመን ተሰጥቶት በጀርባው ተኝቷል። የሚተነፍሰው በአፉ በኩል ወደ አየር ቧንቧው በገባ ቱቦ ስለሆነ አፍንጫው ለሐኪሙ ነፃ ሆኗል። የደም ሥሮችን በሚያኮማትር መድኃኒት የተነከረው ፋሻ በሁለቱም ቀዳዳዎች ቆይቶ ወጥቷል። የአንገት በላይ ሐኪሙ በአንደኛው ቀዳዳ ውስጥ፣ አፍንጫን ለሁለት በሚከፍለው ግድግዳ ጫፍ ላይ፣ ከውጭ የማይታይ አጭር ቅድ ያደርጋል። ከዚያ ከባዱ ሥራ ይጀምራል፤ ግድግዳውን የለበሰውን እርጥብ ሽፋን ሳይቀዱ ከሥሩ ካለው ለስላሳ አጥንት ቀስ በቀስ ማላቀቅ። ሽፋኑ ግራና ቀኝ በአንድ ትይዩ ቦታ ከተቀደደ ግድግዳው ተበስቶ ሊቀር ይችላል። በትክክል ሲላቀቅ ግን ነጩ ለስላሳ አጥንት ብቅ ይላል፤ የት ላይ እንደጎበጠ፣ የት ላይ እንደተሰበረ፣ ከታች ካለው አጥንት ላይ ወዴት እንደተንሸራተተ በግልጽ ይታያል። ሐኪሙ የጎበጠውን ይቆርጣል፣ የተጣመመውን ያቃናል፣ አንዳንዱንም ቁራጭ አስተካክሎ ወደ ቦታው ይመልሳል። አንድ ነገር ግን አይነካም፤ በአፍንጫው ድልድይ ሥርና በፊት በኩል የሚቆመውን፣ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን የለስላሳ አጥንት ድጋፍ። እሱ ከተነሳ የአፍንጫው ድልድይ ውሎ አድሮ ሊሰምጥ ይችላል።

የአንገት በላይ ሐኪሞች በብዛት ከሚሠሯቸው ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ይህ ነው። ታካሚው ወደዚህ ክፍል የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀላል ሐሳብ ይዞ ነው፦ አፍንጫዬ ጠቧልና ይስፋልኝ፤ ሥጋ በቅሎብኛልና ይውጣልኝ። ሐሳቡ ምክንያታዊ ይመስላል፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። አፍንጫ ክፍት ቀዳዳ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሰፋ ቁጥር ይሻል ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የተከማቸው የቀዶ ሕክምና ልምድና በቅርብ ዓመታት የወጡት ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ሌላ ነው። የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና የሚሳካው ትክክለኛው ሰው ሲመረጥ፣ የመዘጋቱ ትክክለኛ ምክንያት ሲታወቅና ሊተው የሚገባው ነገር ሲተው ነው። ምን ያህል ተቆርጦ ወጣ የሚለው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

አፍንጫ ለምን ጠባብ ሆነ?

አንድ ትልቅ ሰው በቀን ወደ 10,000 ሊትር የሚጠጋ አየር ይተነፍሳል። ይህ አየር ሳንባ ከመድረሱ በፊት መሞቅ፣ መርጠብና መጣራት አለበት። ሥራውን የሚሠሩት ከአፍንጫ የጎን ግድግዳዎች ላይ ወደ ውስጥ የወጡት፣ ተርቢኔት የሚባሉት እጥፋቶች ናቸው። ውስጣቸው አጥንት፣ ላያቸው ደግሞ በደም ሥር የተሞላና እርጥብ ሽፋን ነው። አየሩ በእነሱ መካከል ባሉት ጠባብ መንገዶች እየተሻሸ ስለሚያልፍ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ይሞቃል፣ ይረጥባል፣ አቧራውንም ይተዋል። የዚህ ዋጋ ተቃውሞ ነው፤ አየር ከውጭ እስከ ሳንባ ሲጓዝ ከሚገጥመው ጠቅላላ ተቃውሞ ግማሽ ያህሉ አፍንጫ ውስጥ ያለው ነው። ስለዚህ ጥበቱ ጉድለት ሳይሆን የአፍንጫ የሥራ መንገድ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ፣ አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ በሚሆንባቸው የበጋ ማለዳዎች፣ ይህ ሥራ ቀላል አይደለም። የመንገድ አቧራና የማገዶ ጭስ ሲጨመሩበት ደግሞ ይብሳል።

ጥበቱ ከልኩ ሲያልፍ ግን በእርግጥ ይታፈናል፤ ያም የሚሆነው በየትኛውም ቦታ እኩል አይደለም። ከቀዳዳው ጥቂት ገባ ብሎ፣ የጎኑ ለስላሳ አጥንት ከአካፋዩ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ቦታ የአፍንጫ ሁሉ ጠባቡ በር ነው። አየር በቱቦ ውስጥ ሳይናወጥ ሲፈስ የቱቦው ዲያሜትር በግማሽ ቢቀንስ ተቃውሞው 16 እጥፍ እንደሚሆን የፊዚክስ ሕግ ያስተምራል። የአፍንጫ ውስጡ ፍሰት ይህን ያህል ሥርዓት ባይኖረውም ትምህርቱ አንድ ነው፦ እዚህ ጠባብ በር ላይ የምትገኝ የሁለት ሚሊ ሜትር ጉብጠት ወደ ኋላ ራቅ ብላ ከምትገኝ ትልቅ ጉብጠት የበለጠ ታፍናለች። የአብዛኛው ሰው አካፋይ ግድግዳ ፍጹም ቀጥ ያለ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ግን ያለ ችግር ይተነፍሳል። ስለዚህ «ሲቲ ስካኑ አጥንቱ ተጣሟል ይላል» የሚለው ብቻውን ለቀዶ ሕክምና በቂ ምክንያት አይደለም። ጉብጠቱ ያለበት ቦታና ታካሚው የሚታፈንበት ወገን መገናኘት አለባቸው።

ሌላም ጉዳይ አለ። ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ካይዘር እ.ኤ.አ. በ1895 እንደገለጸው ሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች ተራ ይገባሉ፤ በየጥቂት ሰዓቱ የአንዱ ወገን ሽፋን ያብጣል፣ የሌላው ይሟሽሻል። ጤናማ ሰው አያስተውለውም። አለርጂ ያለበት ሰው ግን ሽፋኑ ቀድሞውኑ ስላበጠ መፈራረቁን እንደ መታፈን ያየዋል። «አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ይዘጋብኛል» የሚል ታካሚ ስለ አጥንት ሳይሆን ስለ ሽፋን እየተናገረ ነው። «ሁሌም በግራ ብቻ ነው፣ ከተመታሁ ወዲህ» የሚለው ደግሞ ሌላ ታሪክ ይነግራል። ሐኪሙ ሽፋኑን የሚያኮማትር መድኃኒት ረጭቶ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል፤ አፍንጫው ከተከፈተ ጥፋቱ በአብዛኛው የሽፋኑ ነው፣ ምንም ካልተለወጠ የአጥንቱ ወይም የለስላሳው አጥንት ነው። ጉንጩን ወደ ጎን ሳብ ሲያደርጉት ወይም በቀጭን መሣሪያ የጎኑን ግድግዳ ከውስጥ ደገፍ ሲያደርጉት ትንፋሹ ከቀለለ ደግሞ ችግሩ ያ ጠባብ በር ሲተነፍሱ መውደቁ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ግድግዳን ማቃናት ብቻ አይበጅም፤ በሩን የሚደግፍ የለስላሳ አጥንት ቁራጭ መትከል ያስፈልጋል።

ከመንቀል ወደ ማቆየት

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አሜሪካዊው ኦቶ ፍሪርና ጀርመናዊው ጉስታፍ ኪሊያን ሽፋኑን አላቀው የተጣመመውን አጥንት የሚያወጡበትን ዘዴ አስፋፉ። በጊዜው ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን በልግስና ሲወጣ አፍንጫው ድጋፍ ያጣ፣ ግድግዳው የሚበሳ፣ ድልድዩ የሚሰምጥ ሰው በዛ። በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ የቺካጎው ሞሪስ ኮትልና የእሱን መንገድ የተከተሉ ሐኪሞች አመለካከቱን ቀየሩት፦ የሚቻለውን ሁሉ ማቆየት፣ የተጣመመውን ማቃናት፣ የግድ የሆነውን ብቻ ማውጣት። በመግቢያው ላይ የተገለጸው ቀዶ ሕክምና የዚህ ለውጥ ልጅ ነው።

ተርቢኔቶቹ ያለፉበት ታሪክ ከዚህ የከፋ ነው። ያበጠ ተርቢኔት መንገድ ስለሚዘጋ ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ማውጣት ለረጅም ጊዜ የተለመደ ነበር። የሚያስቸግርን አካል ቆርጦ የመጣል ፍላጎት የዘመናዊ ሕክምና ብቻ አይደለም፤ በአገራችንም ለጉሮሮ ሕመም የሕፃናትን እንጥል ማስቆረጥ ይህንኑ አስተሳሰብ ይጋራል። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የማዮ ክሊኒኩ ዩጂን ከርንና ባልደረባው ሞኒካ ስቴንክቪስት ተርቢኔታቸው የወጣላቸውን ታካሚዎች ምርመራ ሲመለከቱ አንድ እንቆቅልሽ አገኙ፤ በምስሉ ላይ አፍንጫቸው ወና ነው፣ እነሱ ግን እየታፈንን ነው ይላሉ። «ባዶ አፍንጫ» የሚለው ስያሜ ከዚያ መጣ። የእነዚህ ሰዎች አፍንጫ ይደርቃል፣ ቅርፊት ይይዛል፣ እንቅልፋቸው ይረበሻል፤ ብዙዎቹም በጭንቀትና በድባቴ ይሠቃያሉ።

እንቆቅልሹ የሚፈታው አእምሯችን የአየርን ፍሰት የሚያውቅበትን መንገድ ስንረዳ ነው። አፍንጫ የሚገባውን አየር በሊትር አይለካም፤ የሚሰማው አየሩ በእርጥቡ ሽፋን ላይ ሲያልፍ የሚፈጥረውን ቅዝቃዜ ነው። በዌልስ ካርዲፍ ከተማ ሮን ኤክልስና ባልደረቦቹ ባካሄዱት ሙከራ ሜንቶል ያሸተቱ ሰዎች አፍንጫችን ተከፈተ አሉ፤ ሲለካ ግን የአየሩ ተቃውሞ አልተለወጠም ነበር። ሜንቶል ቅዝቃዜን የሚያውቀውን ተቀባይ ነክቶ ነበር። ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን ሜንቶልን ተጠቅመው ይህን ተቀባይ ያገኙት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ነው፤ በሙቀትና በንክኪ ስሜት ላይ ለሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤልን ሽልማት ተጋርተዋል። እንግዲህ ቅዝቃዜ የሚሰማው ሽፋን ከጠፋ፣ መንገዱ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ አእምሮ «አየር ገባ» የሚል መልእክት አይደርሰውም። ዛሬ ሥራቸውን የሚያውቁ ሐኪሞች ተርቢኔትን አይነቅሉም፤ ሽፋኑን ሳይነኩ ከሥሩ ያለውን ሥጋና አጥንት ይቀንሳሉ፣ በሬዲዮ ሞገድ ያሟሽሻሉ ወይም አጥንቱን ወደ ጎን ገፋ ያደርጋሉ።

ማስረጃው ምን ይላል?

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፦ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ታካሚውን ከሚረዳው ሕክምና ማራቅ አይሆንም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ግድግዳውን የማቃናት ቀዶ ሕክምና በእርግጥ ይሠራል። ለመቶ ዓመት ያህል በሰፊው ሲካሄድ ከቆየ በኋላ ነው በጥብቅ የተፈተነው። በኔዘርላንድስ በ203 አዋቂዎች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2019 «ላንሴት» መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላ ካልተደረገላቸው የተሻለ ጤና እንደነበራቸው አሳይቷል። በብሪታንያ በ378 ሰዎች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2023 በ«ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል» የወጣው ጥናት ደግሞ ልዩነቱን ይበልጥ ግልጽ አድርጓል። ግማሾቹ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ግማሾቹ ለ6 ወር ስቴሮይድና ጨዋማ ውሃ በአፍንጫቸው እንዲረጩ ተደረገ። ከ6 ወር በኋላ፣ ከ0 እስከ 110 በሚሄድና ዝቅ ሲል የተሻለ በሆነ መለኪያ፣ የመጀመሪያዎቹ አማካይ 19.9፣ የሁለተኞቹ 39.5 ነበር።

ቁጥሩን ስናነብ ግን እነማን እንደተጠኑ መርሳት የለብንም። የብሪታንያው ጥናት ግድግዳው የተጣመመበትን ሁሉ አልወሰደም፤ መታፈኑ ከተወሰነ ደረጃ በላይ መሆኑ በመጠይቅ የተረጋገጠለትን ሰው ብቻ ነው ያስገባው። ስለዚህ ጥናቱ የሚደግፈው ተመርጦ የሚደረግን ቀዶ ሕክምና እንጂ ጥድፊያን አይደለም። ዋጋውንም አልደበቀም፤ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 4 በመቶ ያህሉ በመድማት ምክንያት እንደገና ሆስፒታል ገብተዋል፣ 12 በመቶ ያህሉ ደግሞ በኢንፌክሽን የተነሳ አንቲባዮቲክ አስፈልጓቸዋል። ከዚህ ሌላ የግድግዳ መበሳት፣ የላይኛው የፊት ጥርስ ለጊዜው መደንዘዝና የማሽተት ለውጥ ከሚታወቁት ጉዳቶች ውስጥ ናቸው። በእርግጥ ለታፈነ ሰው ይህ የሚከፈል ዋጋ ነው። ቀድሞውኑ ደህና ለሚተነፍስ ወይም ችግሩ አለርጂ ለሆነ ሰው ግን በከንቱ የተከፈለ ነው።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ ሁሉንም በመድኃኒት ማቆየት። ለዓመታት በአንድ ወገን ብቻ የታፈነን ሰው ከጠብታ ወደ ጠብታ ማዘዋወር ሕክምና አይደለም። ያበጠን ሽፋን ወዲያው የሚከፍቱት ጠብታዎች ከጥቂት ቀን በላይ ሲወሰዱ ራሳቸው እብጠት ያመጣሉ፤ ሰውየው ያለ ጠብታ መተንፈስ ያቅተዋል፣ እሱም አጥንቱ ባሰበት ብሎ ያስባል። ፈጽሞ መዘግየት የሌለባቸው ሁኔታዎችም አሉ። በመኪና አደጋ፣ በቡጢ ወይም በመውደቅ አፍንጫው ከተመታ በኋላ ሁለቱም ወገን ቶሎ የታፈነ ሰው፣ በተለይ ሕፃን፣ በሽፋኑና በለስላሳው አጥንት መካከል ደም ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። ለስላሳ አጥንት የራሱ ደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከሽፋኑ ነው፤ ደሙ ቶሎ ካልወጣ ለስላሳው አጥንት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል፣ አፍንጫውም ይሰምጣል። አራስ ልጅ የአፍንጫው ሁለቱም የኋላ በሮች ተዘግተው ከተወለደ ዝም ሲል ይጠቁራል፣ ሲያለቅስ ይቀላል፤ ይህ ድንገተኛ ሕመም ነው። ከልጅ አንድ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ የሚሸት ፈሳሽ ሲመጣ የገባ ባቄላ ወይም ዶቃ ይፈለጋል፤ በትልቅ ሰው አንድ ወገን ብቻ ተዘግቶ ሲደማ ደግሞ ዕጢ አለመሆኑ ይረጋገጣል። አፉን ከፍቶ የሚተኛና የሚያንኮራፋ ሕፃን ችግሩ ብዙ ጊዜ ከአፍንጫው በስተኋላ ያለው አዴኖይድ ነው እንጂ ግድግዳው አይደለም። ትክክለኛ ምርጫ አንዳንዴ መጠበቅ፣ አንዳንዴም መፍጠን ነው።

ተመሳሳይ ሕግ፣ ሌሎች ቀዶ ሕክምናዎች

ትክክለኛውን ሰው መምረጥና የሚተወውን መተው የሚለው ሕግ ለሌሎቹ የአፍንጫ ቀዶ ሕክምናዎችም ይሠራል። በአገራችን «ሳይነስ አለብኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ከእነዚህም መካከል አለርጂ ወይም ራስ ምታት ብቻ ያለበት ጥቂት አይደለም። በኦስትሪያዋ ግራትስ ዋልተር ሜሰርክሊንገር በኢንዶስኮፕ ባደረገው ምርመራ የሳይነስ፣ ማለትም በአፍንጫ ዙሪያ አጥንት ውስጥ ያሉት ክፍተቶች፣ ንፍጥ በራሱ መንገድ ወደ ተፈጥሯዊ በሩ እንደሚጓዝ አሳየ። ከዚያ በፊት ሐኪሞች ሽፋኑን ይፍቁ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በሩን ከፍተው ሽፋኑ ራሱ እንዲያገግም መተውን ተማሩ። ፖሊፕ የሚባለው፣ ሰዎች «አፍንጫዬ ውስጥ ሥጋ በቅሏል» የሚሉት እብጠትም ከሽፋኑ የቆየ ቁጣ የሚመጣ ስለሆነ በቀዶ ሕክምና ቢወጣም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ቀዶ ሕክምናው መድኃኒቱ የሚደርስበትን መንገድ ይከፍታል እንጂ መድኃኒቱን አይተካም።

ለውበት የሚደረገው ቀዶ ሕክምናም ከዚህ ውጭ አይደለም። የአፍንጫ ጉብታ ሲወገድ ከሥሩ ያሉት ለስላሳ አጥንቶች ድጋፍ አጥተው ወደ ውስጥ ሊወድቁና ያንን ጠባብ በር ሊያጠቡት ይችላሉ። አሜሪካዊው ጃክ ሺን እ.ኤ.አ. በ1984 በድልድዩ ግራና ቀኝ ቀጭን የለስላሳ አጥንት ቁራጮችን የመትከል ዘዴ ያቀረበው ለዚህ ነው። ቅርጽና ትንፋሽ የሚያርፉት በአንድ ምሰሶ ላይ ስለሆነ፣ አንዱን ሲነኩ ሌላውን አለመጠየቅ አይቻልም። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህንን ማወቅ ይጠቅማቸዋል፤ በአሜሪካ የጤና መድን በአብዛኛው የሚከፍለው ለትንፋሽ እንጂ ለውበት አይደለም፣ ከዚያ በፊትም መድኃኒት መሞከሩን የሚጠይቅበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲሁም በእንቅልፍ መካከል ትንፋሹ የሚቆራረጥበት ሰው አፍንጫውን ማቃናት ብቻውን ሕመሙን ብዙ ጊዜ እንደማይፈውስለት ሊያውቅ ይገባል፤ መዘጋቱ በአብዛኛው ጉሮሮ ላይ ነውና። አፍንጫው መከፈቱ የሚጠቅመው በሌሊት በጭምብል የሚጠቀምበትን የአየር መሣሪያ እንዲለምደው ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከራሳችን ሁኔታ የሚነሳ ነው። ስፔሻሊስቶች ጥቂት በሆኑበት፣ ታካሚ ከሩቅ ተጉዞ ወረፋ በሚጠብቅበት አገር፣ ይህን ያህል መምረጥና መመዘን ቅንጦት አይሆንም ወይ? መልሱ ተቃራኒው ነው፤ ሀብት ባነሰ ቁጥር መምረጥ ይበልጥ ያስፈልጋል። በማይጠቅመው ሰው ላይ የዋለው የቀዶ ክፍል ሰዓት ከሚጠቅመው ሰው የተወሰደ ነው። ደግሞም የመምረጫው መሣሪያ ውድ አይደለም። የትኛው ወገን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ይፈራረቃል ወይስ አይፈራረቅም ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አይጠይቅም። የጭንቅላት መብራትና የአፍንጫ መክፈቻ፣ ለመሞከሪያ አንዲት ጠርሙስ መድኃኒት፣ ጉንጭ ሳብ ማድረግ፣ እነዚህ በማንኛውም የአንገት በላይ ክፍል አሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተዘጋጀው የአፍንጫ መታፈን መጠይቅ አምስት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ አፍንጫህ ምን ያህል ይሞላል፣ ምን ያህል ይዘጋል፣ መተንፈስ ምን ያህል ይከብድሃል፣ እንቅልፍህን ምን ያህል ይረብሻል፣ ስፖርት ስትሠራ ወይም ስትለፋ በአፍንጫህ በቂ አየር ማግኘት ምን ያህል ያቅትሃል? መልሶቹ ተደምረውና በ5 ተባዝተው ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣሉ።

እነዚህ አምስት ጥያቄዎች ከቀዶ ሕክምናው በፊትና ከ6 ወር በኋላ በእያንዳንዱ ታካሚ ካርድ ላይ በአማርኛ ቢሞሉ፣ አንድ ክፍል ሥራውን በሠራው ብዛት ሳይሆን በከፈተው ትንፋሽ መመዘን ይችላል። ታካሚም ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር የመጠየቅ መብት አለው፦ የሚያፍነኝ በትክክል የትኛው ክፍል ነው? ይህን በምን አረጋገጣችሁ? የምታወጡትስ ምንድን ነው፣ የምትተዉትስ? ሦስተኛውን ጥያቄ በእርጋታ የሚመልስ ሐኪም ሥራውን ያውቃል። የሚከፈት አፍንጫ ብቻ ሳይሆን አየርን የሚያሞቅ፣ የሚያረጥብና አየር መግባቱ የሚሰማው አፍንጫ ነው የሚያስፈልገን፤ ያንን ለማግኘት ከመቁረጥ በፊት መርምሮ ማወቅ፣ ሲቆርጡም ልክን ማወቅ የግድ ነው።